የሄልጋ አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ስሰናዳ፣ ጀርመን አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ በስልክ መልእክት ላከልኝ። ከአማርኛው ሥር «ኢሽ ድሩከ ኢነን ዲ ዳውመን» የሚል ጨምሮበት፣ «እስቲ ትርጉሙን ይገምቱ፣ መምህር» ብሏል። መገመት አላስፈለገኝም። ያችን ሐረግ በወጣትነቴ ማንኩሳ አጠገብ ሰምቻት እንቅልፍ ነስታኝ ታውቃለች።

ፍኖተ ሰላም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሄልጋ የምትባል ጀርመናዊት መሐንዲስ ምንጮችን እየዞረች ልታጠና መጣችና አስተርጓሚ ስትፈልግ እኔን ሰጧት። እንግሊዝኛዋ ደህና ነው፤ ሲጨንቃት ግን ወደ አገሯ ቋንቋ ትገባለች። እኔ ደግሞ ያልገባኝንም እንደገባኝ ሆኜ ራሴን መነቅነቅ ለምጄ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪ አልገባኝም ይላል እንዴ?

ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ጤፉ ማሸት ሲጀምር፣ ሴቶቹ ውኃ ፍለጋ ቁልቁል ርቀው ወደሚወርዱባት አንዲት መንደር ሄድን። ምንጩን ለክታ ስትጨርስ ሰው ተሰበሰበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ምንውየለት፣ «ውኃው ይመጣልን ይሆን? እስቲ ጠይቅልን» አሉኝ። ውሳኔው የአለቆቿ እንደሆነ ነገረችኝና ተረጎምሁ። የሰው ፊት ጠቆረ። ይህን ስታይ ያችን የጀርመንኛ ሐረግ ተናገረች። ከትንሿ መዝገበ ቃላቷ ፈልጋ ስታጣት፣ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ፦ ለእናንተ አውራ ጣቴን እጫናለሁ።

ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል። በእኛ አገር አውራ ጣት የሚጫነው ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ነው። «እፈርምላችኋለሁ እያለች ነው» አልሁ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ስንመለስ ልቤ አልተረጋጋም፤ ግን ሄልጋን አልጠየቅኋትም። በሳምንቱ ገበያ ላይ ያገኘኋት የመንደሩ ሴት እየሳቀች፣ «የቧንቧውን ቦይ ጀመርነው እኮ! አያ ምንውየለት ጤፋቸው መሀል ይለፍ ብለው ፈቀዱ» አለችኝ። ገና ያልደረሰ ጤፍ!

ሄልጋ ቡሬ ነበረች። በቆሎ የጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ስደርስ፣ ሆቴል ቁጭ ብላ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ትበላለች፤ ዓይኗ በበርበሬው አንብቷል።

«ትፈርሚላቸዋለሽ?» አልኋት።

«እኔ? በምን ሥልጣኔ?» ብላ ድንቹን አስቀመጠች። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በጭብጦቿ ውስጥ ጨብጣ አሳየችኝ። ሰው ፈተና ሲቀመጥ፣ ሲታመም፣ የሚወዱት እንዲሳካለት ብለው እንዲህ ያደርጋሉ አለችኝ።

መዝገበ ቃላቷን መሀላችን ዘርግተን አቻ ቃል ፍለጋ ገባን። «መልካም ዕድል» የሚለውን እንግሊዝኛ ብነግራት «ቀዝቃዛ ነው» አለች። በመጨረሻ እንግሊዞች እንዲህ ባለ ጊዜ ጣቶቻችንን አቆላልፈን እንጠብቃለን እንደሚሉ ትዝ አለኝ። ብነግራት «እሱ ነው! ልክ እሱ!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው። እንግሊዝኛው ተገኘ፤ ጭንቀቴ ግን ባሰ። ጣቷን ታቆላልፍላችኋለች ብላቸው ደግሞ ምን ሊሉ ነው? አማርኛው ስመለስ፣ መንገድ ላይ፣ በራሱ ጊዜ መጣልኝ፦ ይቅናችሁ። አንዲት ቃል።

በማግሥቱ በእግሬ ሄድሁ። ቦዩ እርሻውን አጋምሶታል፤ የተነቀለው ጤፍ ግራና ቀኝ ተረፍርፏል። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርሁ። አያ ምንውየለት ዶማቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«እና ሴትዮዋ ያለችን ይቅናችሁ ነው?»

«አዎ፣ አያ።»

ዶማቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ከዚያ፣ «ይህንንማ እኛም ለራሳችን ስንል ኖረናል» አሉ።

አልተቆጡኝም። ቆፋሪዎቹን «በቃ፣ ተዉት» ብለው፣ እኔን ከእርሻው ዳር አስቀምጠው የተጠበሰ እሸት ሰጡኝ። የሄልጋ አለቆች መልስ ከወራት በኋላ መጣ፤ ምንጩ ከመንደሩ በታች ስለሆነ አይሆንም የሚል። አያ ምንውየለት በክረምቱ ቦዩን ደፍነው መልሰው ዘሩበት።

ጀርመንኛ ባለማወቄ ዛሬ ራሴን አልወቅስም። የሚቆጨኝ ከእሷ ንግግር በኋላ፣ ከእኔ ንግግር በፊት የነበረችው ዝምታ ናት። «አልገባኝም፣ ልጠይቃት» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ውኃውን ያን ያህል ዘመን የጠበቁ ሰዎች፣ እኔንም ትንሽ ይጠብቁኝ ነበር።