ወደ ንጎንግ ኮረብታ፣ ከአንዲት ትንሽ ማገናኛ ጋር

እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከናይሮቢው ኢስትሊ ሰፈር ተነሣሁ። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ የአንቴና ማገናኛ ሳልሰብር አጥብቄ፣ ሩቅ ናንዩኪ ከተማ ያለ ሰው ድምፅ በሬዲዮ ማሰማት። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የለፋሽው ብሎ የሚስቅ ይሳቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ታደሰ የአየር መንገድ ሬዲዮ ቴክኒሻን ነው፤ ኪሊማኒ ይኖራል። ለራሱ ደስታ በሬዲዮ ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚያወራበት የአማተር ፈቃድ አለው። እኔም ፈቃዱን ለማግኘት መፈተን እፈልጋለሁ። ማመልከቻው ግን የአንድ ባለፈቃድ ፊርማ ይጠይቃል። ባለፈው ወር ሁለት ማገናኛ በፒንሳ ጨምቄ ሰብሬበታለሁ።

"አንቺ ልጅ፣ የውኃ ቧንቧ መሰለሽ እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። "አሁን የቀረችኝ አንዲት ናት። ሳትሰብሪ አጥብቀሽ ናንዩኪን ካሰማሽኝ እፈርምልሻለሁ። ከሰበርሽ ግን ወደ ጨርቅ ሱቅሽ!"

ስወጣ የሞያሌዋ ነጋዴ ጎረቤቴ ዘይነባ በረንዳው ላይ ሻንጣ እያሰረች ነበር።

"ደግሞ ሬዲዮ? ሰዉ ሰላይ ናት እያለ ሲያማሽ አልሰማሽም?"

"ሰላይ ብሆን መኪና ይሰጡኝ ነበር፣ ዘይኑ።"

"እሱስ እውነት ነው" ብላ ሳቀች።

ሁለት ሰዓት፣ ማታቱ ውስጥ

ጋሽ ታደሰን መሐል ከተማ አገኘሁት። እሱ ሬዲዮና ባትሪ፣ እኔ አንቴናና አንቴናው የሚሰቀልበት ረጅም ቀርከሃ ይዘናል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ እስከ ንጎንግ ከተማ በሰው አምስት ሽልንግ ነው። ረዳቱ ቀርከሃውን ዓይቶ "ይሄም ይከፍላል!" አለ። ጋሽ ታደሰ ተከራከረ፤ እኔ ቀርከሃውን በመስኮት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ክርክሩ አለቀ።

በመንገዱ ዳር የወደቀው የጃካራንዳ አበባ አስፋልቱን ሐምራዊ አድርጎታል። ጎማው ሲረግጠው ድምፅ የለውም። ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ የምሄደው እኔ ልሁን መንገዱ ጠፋኝ። እንደዚህ ሲሆንብኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላ ጊዜ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም።

ንጎንግ ከተማ ወርደን በወተት የተፈላ ሻይ ጠጣን፤ ማንዳዚ የሚሉትን ጣፋጭ ፓስቲም በላን። ቴርሞሳችንንም በሻይ አስሞላንና መውጣት ጀመርን።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ኮረብታው ላይ

ጉሙ መሬቱን ውጦታል። ናይሮቢ በግራ፣ ስምጥ ሸለቆው በቀኝ ናቸው ይባላል፤ እኛ ያየነው ነጭ ባሕር ብቻ ነው። የላም ቃጭል ከታች ይሰማል፤ ላሟ ግን የለችም። አንድ ቀይ ጨርቅ ያጣፉ የማሳይ ሽማግሌ ከነጩ ውስጥ ብቅ አሉና ቀርከሃውን አዩት።

"ዓሣ ነው የምታጠምዱት?" አሉን በስዋሂሊ።

"ሰው ነው፣ ሙዜ" አላቸው ጋሽ ታደሰ፤ ሙዜ ለሽማግሌ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

"ከያዛችሁ ጥሩኝ" አሉና ጉሙ መልሶ ወሰዳቸው።

የምናጠምደው የናንዩኪው ሰው ንጆሮጌ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እሑድ እሑድ ከአምስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ብቻ ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደ ላሞቹ ይሄዳል።

ማገናኛዋን ከማስቀመጫዋ አወጣሁ። ደንቡን ጋሽ ታደሰ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ የገመዱን አንገት በአንድ እጅ ጸጥ አድርገሽ ያዢ፣ የሚዞረው ውጪኛው ቀለበት፣ ዳዶው፣ ብቻ ይሁን፤ ገመዱ አብሮ ከዞረ መሐሏ ያለችው መርፌ ተፈትጋ ትበላሻለች። በጣትሽ እስኪቆም አዙሪ፣ ከዚያ በትንሿ መፍቻ፣ በቺያቤዋ፣ ጥቂት፣ በቃ። ዳዶው በልስላሴ ዞረና ቆመ። ቺያቤዋም "በቃ" አለችኝ። በላዩ የሚያጣብቅ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ ጠመጠምኩበት፤ ዝናብ ሲወርድ ውኃው በንብብሮቹ መሐል እንዳይገባ።

"ጎበዝ" አለኝ ጋሽ ታደሰ። ከእሱ አፍ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አምስት ሰዓት ሆነ። ሬዲዮው ሽሽሽ ይላል። ጋሽ ታደሰ ንጆሮጌን ጠራ፤ መልስ የለም። ባትሪውን ለካ፣ ደህና ነው። እንደገና ጠራ።

"ንጆሮጌ ተኝቷል መሰለኝ" አለ፤ ፊቱ ግን አላመነም።

እኔ ግን ምክንያቱን አውቄያለሁ። በዋዜማው ማታ፣ ማገናኛዋ እኔ ዘንድ አድራ ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ አቅልጬ በማገናኛዋ ጥርስ ውስጥ አንጠባጥቤ ነበር፤ ዝናብ እንዳይገባ፣ እንዳይላላም። እናቴ የጠርሙስ አፍ የምታሽገው እንደዚያ ነው። ለጋሽ ታደሰ አልነገርኩትም፤ ብልህ ነች እንዲለኝ ኋላ ላስገርመው ፈልጌ ነው። ኮረብታው ብርድ ነው፤ ሰሙ ደርቋል። ዳዶው እጄ ላይ የቆመው ብረት ከብረት ገጥሞ ሳይሆን ሰም ላይ ተቀምጦ ነው። መርፌዋም በሰም ተሸፍና ይሆናል።

ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አልተናገርኩም። ፊርማው ሊያመልጠኝ ነው። ደግሞ እኔ ያደግሁት ቀበሌ ሲጠይቅ ዝም ያለ በሚተርፍበት ዘመን ነው፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይዘጋል። ጉሙን እያየሁ አሥር ደቂቃ አለፈ። ጋሽ ታደሰ የሬዲዮውን ሽፋን ሊያነሣ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ።

"ጋሼ፣ ሬዲዮውን አትፍታው። የእኔ ጥፋት ነው።"

"ምን?"

"ማገናኛዋ ውስጥ ጧፍ አለ።"

መፍቻውን አስቀመጠ። "ጧፍ? ልታስቀድሺባት ነው?"

መሳቅ ፈለግኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሰዓቱን አየ፣ አምስት ከአሥራ ሁለት። ናስትሮውን ገፍፌ ማገናኛዋን ፈታሁ። ሰሙን የምናጥብበት ቤንዚን የለንም። ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳሁና ማገናኛዋን፣ ሻዩን ሳላስነካት፣ የሞቀው ኩባያ ጎን ላይ አስጠጋኋት። ሰሙ ለስልሶ ማላብ ጀመረ። በመሐረብ ጠረግኩ፤ ጥርሱን በመፋቂያ ጫፍ አንድ በአንድ ፋቅሁ፤ መርፌዋን እንደ ሕፃን ዓይን በጥንቃቄ አጸዳኋት። ጋሽ ታደሰ ሌላኛውን ወገን አጸዳ። እንደገና ገጠምኩ። አሁን ዳዶው ሲቆም ሌላ ዓይነት መቆም ነው፤ ጥርት ያለ።

ጋሽ ታደሰ ጠራ። ሽሽሽ። ከዚያ ከነጩ ባሕር ውስጥ የቀጠነ ድምፅ መጣ፤ ሰው ከሌላ ሰው ሕልም ውስጥ ሲናገር የሚሰማ ዓይነት። ንጆሮጌ ነው። ላሞቹ እየጠሩት ስለሆነ ቶሎ በሉ አለ። ጋሽ ታደሰ መነጋገሪያውን አቀበለኝ፤ ባለፈቃዱ አጠገቤ ስላለ ይፈቀዳል። ስሜን ተናገርኩ። ንጆሮጌ ስሜን አጣሞ፣ ግን ሙሉውን፣ መለሰልኝ። ገላዬ ሁሉ ቀለለኝ።

ስምንት ሰዓት፣ መልስ

ስንወርድ ጋሽ ታደሰ ከፊቴ ቀድሞ ሄደ። ማታቱ ውስጥ የመዝገቡን ደብተር ሰጠኝ፤ የአማተር ሰው ያደረገውን ግንኙነት ሁሉ ይመዘግባል። ምን እንደምጽፍ አልነገረኝም። ንጆሮጌን ብቻ ጽፌ መዝጋት እችል ነበር። ከእሱ በላይ ግን ይህን ጻፍኩ፦ "ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ዝምታ። ምክንያት፦ ማገናኛዋ ውስጥ ሰም አስገብቼ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ አውቄ ዝም አልኩ።"

አነበበው። "አውቀሽ?"

"አውቄ።"

"ብሎኑን መፍታት ባልጀምር ኖሮስ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

ደብተሩን ዘጋ። "ማመልከቻውን አምጪ" አለ በመጨረሻ። ማታቱ ጉድጓድ ሲገባ ፊርማው ከመስመሩ ወጣ፤ "ይበቃል፣ ያስታውቃል" አለና ብዕሬን ኪሱ ከተተ።

ኢስትሊ በአሥር ሰዓት ገባሁ። ጉዞው ያስተማረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ዳዶው ሲቆም እጅን ማቆም፣ ያበላሹትን ቶሎ መናገር። የመጀመሪያውን ችያለሁ። ሁለተኛው ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅብኛል።