ጋሽ እሺ እና የሚናገረው አውሮፕላን

ወጣት አብራሪዎች ካፒቴኑን ከኋላው «ጋሽ እሺ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ጡረታው ሲቃረብ ነው፤ ያወጣችለትም፣ ሳታስበው፣ የገዛ ሚስቱ ናት።

ካፒቴኑ ሥራ የጀመረው መሪውን በሁለት እጅ እየታገሉ በሚያበሩት ትንሽ አውሮፕላን ነበር። ከበረራ ሲወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ይገኝ ነበር። ኋላ የተመደበበት ትልቁ ጄት ግን ሌላ ዓለም ሆነበት። ከማኮብኮቢያው ተነሥቶ ጥቂት ከፍ እንዳለ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ ሽቅቡንም፣ ቁልቁሉንም፣ መታጠፉንም ኮምፒውተሩ ይይዝለታል። ጉሙ ከከበደ ማረፉንም ጭምር። የካፒቴኑ ሥራ ስክሪኖቹ ላይ ዓይኑን ተክሎ ኮምፒውተሩ ያሰበውን መከታተል፣ ያላሰበውንም ማሰብ ነው። ይህ ደግሞ ከመታገሉ የባሰ ያደክማል። ለዘመድ ማስረዳት ግን ዘበት ነው። የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው የሚስቱ ወንድም በተገናኙ ቁጥር፣ «እንግዲህ አንተም ተሳፋሪ ነህ፤ ብቻ ከፊት ትቀመጣለህ» ይለዋል። ካፒቴኑም «እሺ» ብሎ ያልፈዋል።

ቤት ውስጥም ከዚህች ቃል ብዙ አይርቅም። ሚስቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ድምፅዋ ያለ ማጉያ ከተማሪዎች ሰልፍ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ከበረራ መልስ ሶፋው ላይ ጋደም ባለበት «ቧንቧው ያንጠባጥባል» ትለዋለች። «እሺ» ይላል። ቧንቧው ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። «የመኝታ ቤቱ አምፖል ተቃጥሏል።» «እሺ።» በጨለማ ይተኛሉ። ሚስቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የዚህችን «እሺ» ትርጉም ደረሰችበት፦ ድምፅሽ ተሰምቷል ማለት ነው እንጂ ሌላ ምንም ማለት አይደለም።

አንዲት ልጃቸው መሐንዲስ ናት። የምትሠራው የወደፊት አውሮፕላኖች በሚነደፉበት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ቡድኗ ለአንድ አብራሪ ብቻ የሚሆን የአብራሪ ክፍል፣ ኮክፒት፣ እየሞከረ ነበር። በአንድ ሰፊ አዳራሽ መሀል ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራ የአውሮፕላን አፍንጫ አቁመዋል። በመስኮቶቹ ቦታ ስክሪን፣ በረዳት አብራሪው ቦታ ደግሞ የሚናገር ኮምፒውተር ገብቶበታል።

«አባዬ፣ መጥተህ ሞክርልን» አለችው። «አሮጌ አብራሪ ያስፈልገናል።»

«አሮጌ?»

«ልምድ ያለው ማለቴ ነው።»

ካፒቴኑ የደንብ ልብሱን አስተኩሶ ሄደ። ገብቶ ግራ ቀኙን ቃኘና፣ «ሁለተኛው ወንበር የት ሄደ?» አለ።

«የለም። ረዳትህ ከስክሪኑ ውስጥ ሆኖ ያናግርሃል።»

«ጥሩ ነው። ቢያንስ ምሳዬን አይጋራኝም» ብሎ ቀበቶውን አሰረ።

የረዳቱን ድምፅ እንዲቀርጽ የተቀጠረው ዜና አንባቢ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ልጅቱ ለጊዜው እናቷን ቀረጸች። ቤቱ እንዳያስተጋባ ብለው እናትየው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካፖርቶች መሀል ተቀምጣ ነው ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ ያነበበችው። አባትየው ያን ቀን በረራ ላይ ነበር። ልጅቱ ልትነግረው አስባ በግርግሩ ረሳችው።

ሙከራው ሲጀመር ካፒቴኑ እንደ ልማዱ ነበር። አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ አነሣው፣ ቁልፏን ተጫነ፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ከመስተዋት ጀርባ የሚከታተሉት መሐንዲሶች ተደሰቱ። ወደ ማረፊያው ሲቃረብ፣ አስቀድመው እንዳቀዱት፣ አንዱን የፍጥነት መለኪያ አበላሹበት። ኮምፒውተሩም መሪውን ለካፒቴኑ ለቀቀለት። ካፒቴኑ የተበላሸው የትኛው መለኪያ እንደሆነ ለማወቅ ስክሪኑን መበርበር ያዘ። ያኔ ድምፁ መጣ።

«ፍጥነት ቀንሷል። ኃይል ጨምር።»

«እሺ» አለ ካፒቴኑ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ፍጥነት ቀንሷል። ኃይል ጨምር።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

የተናገረችው ማን እንደሆነች አእምሮው አልለየም። ጆሮው ግን ወዲያው ለይቷት፣ ነገሩን ቧንቧውና አምፖሉ ወዳሉበት ክፍል አስገብቶታል።

«እየሰማኸኝ ነው?» አለ ድምፁ። ይህ በጽሑፉ ላይ አልነበረም፤ እናትየው ከራሷ የጨመረችው ነው።

«እየሰማሁሽ ነው» አለ ካፒቴኑ በትዕግሥት። ወዲያው ስክሪኖቹ በሙሉ ቀሉ፤ አውሮፕላኑ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የቡድኑ መሪ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያያችሁ የሚል ዓይነት ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ ኮክፒቱ መጣ።

«ካፒቴን፣ ማስጠንቀቂያውን ሰምተውታል?»

«በሚገባ።»

«ምን ብሎ ነበር?»

ካፒቴኑ አሰበ። «ስለ ፍጥነት ይመስለኛል» አለ። ልጅቱ ከመስተዋቱ ጀርባ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ድምፁ የእናቷ መሆኑን ልጅቱ የነገረችው ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ነው። ካፒቴኑ ኩምሽሽ አለ። ከዚህ በፊት እንኳን ሐይቅ፣ ኩሬም ነክቶ አያውቅም።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አላት።

እራት ላይ ግን እናትየው ራሷ አነሣችው። «ድምፄ እንዴት ነበር?»

«በጣም ግልጽ ነበር እማዬ» አለች ልጅቱ፣ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ።

«አባትሽስ ምን አለ?»

ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ አልኩ።»

ሚስትየው ሹካዋን አስቀመጠች። «እሺ ካለማ ወድቋል» አለች። ልጅቱ የያዘችው ሳቅ አመለጣት፤ ውሃው ትን እስኪላት ሳቀች። አባትየው ብቻውን መብላቱን ቀጠለ።

ሙከራው ሲደገም ሚስትየው ካላየሁ ብላ አብራ ሄደች። ከኮክፒቱ ኋላ የፕላስቲክ ወንበር ሰጧት። አሁን የገባው የዜና አንባቢው ድምፅ ነበር። «ፍጥነት ቀንሷል» ከማለቱ የካፒቴኑ እጅ የኃይል መጨመሪያውን ወደ ፊት ገፋ። አውሮፕላኑ እንደ ላባ አረፈ። መሐንዲሶቹ አጨበጨቡ። ሚስትየው ግን አላጨበጨበችም።

«ለማያውቀው ሰው እንዴት ታዛዥ ነው» አለች።

የቡድኑ መሪ ችግሩ የድምፁ ብቻ ነበር ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ካፒቴኑ አስቆመው።

«አይደለም» አለ። «ይሄንንም ድምፅ ዓመት ሙሉ ብሰማው እለምደዋለሁ። ከለመድኩት ደግሞ እሺ እለዋለሁ። እውነተኛው ረዳቴ እሺታዬን አይሰማም፤ የሚያየው እጄን ነው። እጄ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ይጮህብኛል፤ ካልሆነም መሪውን ይቀማኛል። እናንተ አፍ ያለው ረዳት ሰጣችሁኝ እንጂ ዓይን ያለው አልሰጣችሁኝም።»

ሐይቁ ውስጥ የገባው የስክሪን አውሮፕላን ቢሆንም፣ ከኋላው ተሳፋሪ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነገሩን እንደ ጨዋታ አልወሰደውም፤ ሰንብቶም እንቅልፍ ነስቶት ነበር። ሚስቱ ይህን አይታለች። እዚያው ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ «በል ተነሥ፣ እንሂድ» አለችው። ወዲያው ተነሣ።

መሐንዲሶቹ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የአብራሪውን እጅና ዓይን እንዲከታተል፣ ከሁለተኛው ማስጠንቀቂያ በኋላም ራሱ ኃይል እንዲጨምር አደረጉት። «ይኼማ ባለቤቴ ናት» አለ ካፒቴኑ ሲያሳዩት። «ሁለቴ ትናገራለች፣ ከዚያ ራሷ ትሠራዋለች። የእናንተው ግን ሳምንቱን ሙሉ አያወራበትም።» እንዲያም ሆኖ ሁለተኛውን ወንበር ለጊዜው ወደ ንድፉ መለሱት። ወሬው ደግሞ ከአዳራሹ አምልጦ አብራሪዎቹ ዘንድ ደረሰ፤ ስሙም በዚያው ወጣ። አንዳንድ ረዳቶች አብረውት ሲበሩ ሆን ብለው «ፍጥነት፣ ካፒቴን» ይሉታል፣ እሺ ይል እንደሆነ ለማየት። እሱ ግን እጁን አንቀሳቅሶ «ተስተካክሏል» ይላል። ያዝናሉ።

ሚስትየው የራሷን ትምህርት ይዛ ተመለሰች። አብራሪ ከመቆጣጠሪያ ማማ የሰማውን መልሶ እንደሚደግም ከልጇ ሰምታ ነበር፤ ያንኑ ቤት ውስጥ ደነገገች።

«ስትመለስ ሳሙና ግዛ፣ የልብስ ሳሙና፣ ትልቁን።»

«ሳሙና፣ የልብስ፣ ትልቁን፣ ስመለስ።»

«ትክክል።»

ማታ በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ፤ በአንድ እጁ አምፖል፣ በሌላው አዲስ የቧንቧ መክፈቻ ይዟል። ሚስትየው አምፖሉን አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ እሱን አየች። ለስንት ዓመት የጠየቀችው ነገር በመሆኑ መቆጣትም መሳቅም አቃታት።

«ሳሙናውስ?» አለችው።

ካፒቴኑ ኮቱን ሳያወልቅ ዞሮ ወጣ።