የአዛሊያው ባዶ ጎን

ዛሬ ጠዋት ማንቆርቆሪያዬን ሳጥብ ከሥሩ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በማንኪያ ፋቅሁት። የአርባ ምንጭ ውኃ ደጋግሞ ሲፈላ ይህን ትቶ ይሄዳል። እሱን ባየሁ ቁጥር የእትዬ አማረች አዛሊያ፣ ያ የማሰሮ አበባ፣ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ሴቻ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እትዬ አማረች ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አዛሊያውን ሟች ባላቸው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከነማሰሮው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያመጡላቸው። ከባላቸው እጅ የቀረ ሕያው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

እህታቸው ስለታመሙ ሊያስታምሙ ደጋው ላይ ወዳለችው ገረሴ ሲወጡ አዛሊያውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። «ፀሐይ አይምታው። አፈሩ አይድረቅ፣ ግን አይጨቅይ። ውኃውም ከበርሜሉ፣ የዝናቡ ይሁን» አሉኝ።

ዝናቡ ቆመና በርሜሉ አለቀ። ውኃ ውኃ ነው ብዬ ከቧንቧው አጠጣሁት። ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ እንደሆነ፣ ኖራም ለአዛሊያ መርዝ እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ በቅጠሉ ላይ የተዘረጉት ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ቀሩ። ደነገጥሁ። እናቴ እንሰቷ ሲገረጣባት የምድጃ አመድ ሥሩ ትበትናለች። እኔም ሁለት እፍኝ በተንሁ። በሳምንቱ የአንዱ ጎን ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ እየሆነ ይረግፉ ጀመር።

እትዬ አማረች በየጠዋቱ ይደውላሉ።

«አበባዬስ?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

ሦስት ጠዋት እንዲህ አልሁ።  በአራተኛው ቀን ፎቶ ጠየቁኝ። የደረቀውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ አረንጓዴውን ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ማሰሮው ጠርዝ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«አመድ ነው።»

«እንሰት መሰለህ እንዴ፣ ልጄ?»

«ግማሹ ደርቋል፣ እትዬ። ደህና ነው ያልሁዎት ውሸት ነበር።»

 ከወዲያ በኩል ዶሮዎች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«ባሌም የመጀመሪያውን አዛሊያዬን በአመድ ነው የገደለው» አሉ በመጨረሻ። «እሱማ የነገረኝ ተክሉ ከሞተ በኋላ ነው። ይሄኛውን ያመጣልኝ ሊክሰኝ ነበር። አንተ ሳይሞት ነገርኸኝ። በል፣ ላዩን አፈር ቀስ ብለህ ጥረግለት። ሥሩ ጥልቅ አይደለም፣ እንዳትቆርጠው።»

ቅዳሜ በሚኒባስ መጡ፤ የገረሴ ዝናብ የሞላበት ጀሪካንና ከደጋው አስታ ዛፍ ሥር የተዛቀ፣ ኖራ የሌለበት ጥቁር አፈር ይዘው። ሥሩን አብረን አጥበን እንደገና ተከልነው።  በቀጣዩ ዓመት ሁለት ቅርንጫፎች አበቡ።

በኋላ እህታቸው ዘንድ ጠቅልለው ሲሄዱ አዛሊያውን ለእኔ ተዉልኝ። አሁን በመስኮቴ ጥላ ሥር ነው፤ በርሜሌም አይጎድልም። ያ ጎን ግን ዳግም አልሞላም። ዛሬም ፎቶ ይጠይቁኛል፤ መጀመሪያ የማነሳላቸው ባዶውን ጎን ነው።