የእሁዱ ዶሮና የግራ እግር ጫማ

ቤተሰቡ የሚያውቀው እንዲህ ነው። ባለመስኮቷ በየእሁዱ የምትሠራው ዶሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ሃያ አንድ ዓይነት ቅመም ይገባበታል፣ የማዕድ ቤቱ በር ካልተዘጋ ደግሞ አይሆንም። እውነቱን የምታውቀው ባለመስኮቷ ብቻ ናት። ዶሮው ከእሷ የሚፈልገው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሌላውን ኦቨኑ ይጨርሰዋል። እሱም ነጭ ሽንኩርት መላጥ ስለማትወድና እየተነጫነጨች ስለምትልጥ እንጂ ስምንት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

ባለመስኮቷ ያሏት በሥራዋ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ተቀባይ ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከመስታወት ጀርባ ትቀመጣለች፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ በመስኮቷ ቀዳዳ ይጮህባታል። ውሃ የጠፋበት ይጮሃል። ጓሮው በውሃ የተጥለቀለቀበት ይጮሃል። አንድ ሰውዬማ ውሃው በሰላም መጥቶለት፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብሎ ሊጮህ መጥቶ ያውቃል። እሷ ሁሉንም «እሺ ጌታዬ፣ እሺ እመቤቴ» እያለች ቅጽ ላይ ታሰፍራለች።

ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌላ መስኮት ይጠብቃታል። ባሏ መሬት ቀያሽ ነው፤ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ያልለካው ነገር እቤቱ ውስጥ የለም፣ የለካውን ሁሉ ደግሞ ለሰው ካልነገረ አያስችለውም። አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ሲሆን ቃለ ጉባኤ ካልያዘ እህል አይረጋለትም። ሻይ ላይ ስንት ስኳር ይግባ የሚለው ጉዳይ በድምፅ ብልጫ የተወሰነበት ቤት ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ደግሞ አማቷ እማማ መጥተው አብረው ይኖራሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን ሰው ተቀምጦ ካዩ ታሟል ብለው የሚያስቡ ሴት ናቸው። በዚያ ቤት ዝም ብሎ አንድ ሰዓት መቀመጥ የሚቻልበት ቦታ አልነበረም፤ መጸዳጃ ቤት እንኳን ባሏ በር ላይ ቆሞ ቁመቱንና ወርዱን ይነግራታል።

የዶሮውን ነገር ያገኘችው ከመስኮቱ ነው። ውሃ ከጠፋባት አሥራ አንድ ቀን የሆናት አንዲት ሴትዮ፣ ቅጹ እስኪሞላ ስታወራ፣ «ዕቃ በምን ልጠብ? ዶሮውን ከነድንቹ በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልዬ ኦቨን ውስጥ እከተዋለሁ፤ ወረቀቱን መጣል ነው» አለች። ባለመስኮቷ የሴትዮዋን ቅሬታ የት እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አታውቅም። አሠራሩን ግን ልቅም አድርጋ ያዘችው። ጨው፣ ቅቤ፣ ሎሚ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ድንች ከነልጣጩ፣ የማትወደው ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ ወረቀቱን መጠቅለል፣ በሲባጎ ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ እሳቱን ዝቅ አድርጎ መርሳት።

የመጀመሪያው እሁድ ላይ የማንንም ዓይን ለማታለል አላሰበችም፤ ይሄ ይታወቅላት። ዶሮውን ከተተች፣ በሩን ገፋ አደረገችው፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች፣ የዱቄት ከረጢቱን ደገፍ አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም፤ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። ስትነቃ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተኝታ ኖሯል። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ግንባሯ ላይ ዱቄት ተለጥፏል። ዶሮውን ይዛ ስትወጣ እማማ አዩዋትና ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«ልጄ! ተገደልሽ እኮ!»

እሷም ልታስረዳ አፏን ከፈተች። ግን ባሏ ሲባጎውን በመቀስ ቆረጠው፤ ወረቀቱ ሲከፈት እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ወጣና የሎሚው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሦስቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ምክትሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እማማ በትንሽ ጣታቸው መረቁን ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑና ቅመም መቁጠር ጀመሩ፤ ሃያ አንድ ላይ ደረሱ። ዱቄት የሌለበት ምግብ ሠርታ ግንባሯ ለምን ዱቄት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ባለመስኮቷ አፏን መልሳ ዘጋችው። ሰው እንዲህ ደስ ብሎት እያለ እውነት ምን ያደርግለታል?

እንዲህ ተጀመረ። በሁለተኛው እሁድ በሩን ቆለፈች። በሦስተኛው ትራስ አስገባች። በአራተኛው ችግር መጣ፤ ባሏ በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ፣ «ምነው ድምፅ የለም? ደህና ነሽ?» አለ። ስለዚህ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ማዕድ ቤቱ ውስጥ አንድ እግሩ የተሰበረ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ። ባዶውን ስታስነሳው እንደ ልቧ አልጮኸላትም። ዞር ዞር ብላ አየችና የባሏን የግራ እግር ጫማ አንስታ ከተተችው። ማሽኑ ዞረ። ደቅ፣ ደቅ፣ ደቅ። ማንም ቢሰማው ሴት ልጅ ወገቧ እስኪቀነጠስ እየወቀጠች ነው የሚለው ድምፅ ነው። ላዩ ላይ ሁለት ማንኪያና የድስት ክዳን ሲጨመርበት ደግሞ ድግስ የሚደገስ ይመስላል። ማሽኑ ሊቆም ሲል በእንቅልፍ ልቧ እጇን ሰድዳ ቁልፉን መልሳ ታዞረዋለች።

የጫማው መጥፋት በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ጥፋተኛ የተባለው የጎረቤት ውሻ ነው። ባሏ የቀኝ እግሩን ጫማ እስከ ዛሬ ጠርጎ አስቀምጦታል፤ አንድ ቀን ይመጣል ብሎ።

ያቺ ሦስት ሰዓት ተኩል ባትኖር ባለመስኮቷ ምን እንደምትሆን እሷም አታውቅም። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ጯሂ ሲመጣ «እሺ ጌታዬ» የምትለው የእሁዱን እንቅልፍ ከሆዷ አውጥታ ነው። ሌላ ሀብት የላትም።

ታዲያ አንድ እሁድ እንቅልፉ ከመጠን በላይ ጣማት። ስትወጣ እግሯ ደንዝዞ ታነክሳለች፤ ጉንጯ ላይ የዱቄት ከረጢቱ ስፌት እንደ ማኅተም ታትሟል። ባሏ ዶሮውን ተቀብሏት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሳይቆርጠው ቀረ። ሜትሩን አውጥቶ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ለካት።

«ሁለት ሴንቲ ሜትር አጥረሻል» አለ፤ ሜትሩን እየጠቀለለ። «በቃ። ሚስቴን እየበላ ያለ ዶሮ እኔ አልበላም። ስብሰባ!»

ምክትሉ ደብተሩን ከፈተ። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። ባል፣ ዶሮው ከዛሬ ጀምሮ እንዲከለከልና እሁድ እሁድ ሁሉም ሳሎን ተቀምጦ እንዲጫወት። እማማ ደግሞ፣ ዶሮው እንዲቀጥል፣ ግን እሳቸው ማዕድ ቤት ገብተው እንዲያግዙ። ባለመስኮቷ ሁለቱንም ሰምታ ውሃ ሆና ቀረች። አንደኛው በሩን ይወስድባታል፤ ሁለተኛው በሩ ውስጥ ሰው ያስገባባታል።

«እኔ ምንም አልሆንኩም» አለች። «እንዲያውም ያርፈኛል። በእናታችሁ ተዉኝ።»

«አየሽ ይሄን ልብ?» አሉ እማማ፤ እንባቸው መጣ።

ባሏም ለእናቱ ሐሳብ እጁን አወጣ፤ የእማማ ሐሳብ በሦስት ለአንድ ድምፅ አለፈ። የባለመስኮቷ ተቃውሞ፣ ምክትሉ ጮክ ብሎ እንዳነበበው፣ «ከትሕትና የመነጨ ሆኖ ስለተገኘ ውድቅ ተደርጓል።»

ሳምንቱን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ውሸት ስታበጃጅ ከረመች። ሃያ አንዱን ቅመም ከየት ታምጣ? ዶሮውን ሦስት ሰዓት ሙሉ እያገላበጠች ትቆይ? አንድ ደንበኛ ቧንቧው እንደፈነዳ ሲነግራት «በወረቀት ጠቅልለው በሲባጎ ይሰሩት» ብላ መልሳለች። እሁድ ደረሰ፤ ምንም አልመጣላትም።

እማማ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ የራሳቸውን ቢላዋ ይዘው፣ ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ገቡ። በሩ ተቆለፈ። ባለመስኮቷ ጨው ነሰነሰች፣ ሎሚ ሰነጠቀች፣ ነጭ ሽንኩርቱን እየተነጫነጨች ላጠች፣ ወረቀቱን ጠቅልላ አሰረችና ኦቨኑን ዘጋች።

«እሺ» አሉ እማማ፤ ቢላዋቸው አሁንም እጃቸው ላይ ነው። «ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ምኑ?»

«ዶሮው፣ እማማ። ይሄው ነው።»

እማማ ኦቨኑን አዩ። እሷን አዩ። ሳጥኑን፣ ትራሱን አዩ። ማሽኑን ከፈቱና እጃቸውን ሰድደው ጫማውን አወጡ። ጫማው ከመዞር ብዛት ነጥቶ እንደ ሕፃን ካልሲ ልስልስ ብሏል።

«ይሄ የልጄ የግራ እግር አይደለም?»

«ነው።» ባለመስኮቷ ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለችም፤ ሁሉንም ዘረገፈችው። መስኮቱን፣ ጩኸቱን፣ ዱቄቱን፣ የሚዞረውን ጫማ። «እተኛለሁ፣ እማማ። ሌላ ምንም አላደርግም። በሳምንት አንዴ በር ዘግቼ እተኛለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ ግን እባክዎ አይውሰዱብኝ።»

ስድብ ጠበቀች። ጩኸትማ ልማዷ ነው። እማማ ግን አልጮኹም። ቢላዋውን አስቀመጡና ቀስ ብለው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። ጫማውን ጭናቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

«ሠላሳ አራት ዓመት» አሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት እሁድን ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። የልጆቼ አባትና ወንድሞቹ ሳሎን ቁጭ ብለው 'ደረሰ ወይ?' እያሉ። እኔ በእውነት ነበር የምለፋው፣ ልጄ። አንድም ቀን አላጭበረበርኩም።» ወደ ተቆለፈው በር አዩ። «ለካ መቀመጥ ይቻል ኖሯል። ለካ በሩ ይዘጋል። የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ!»

ባለመስኮቷ ትራሱን አነሳችና ከጀርባቸው አደረገችላቸው። እማማ ትራሱን ዳበስ አደረጉ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ዱቄት ከረጢቱ ዘንበል አደረጉ፣ «ለአንዲት ደቂቃ ብቻ» አሉ። ደቂቃዋ ሳትሞላ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ባለመስኮቷ ጫማውን ከጭናቸው ላይ በቀስታ ወስዳ ማሽኑ ውስጥ መለሰች፤ አስነሳችው። ደቅ፣ ደቅ፣ ደቅ። እሷም ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ከደነች። ማሽኑ ግን አራት ዓመት ጫማ ማጠብ መሮት ኖሮ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዴ አጓርቶ ቀጥ አለ። ቁልፉን አዞረችው። መታችው። ለመነችው። ምንም።

ወዲያው ከሳሎን ወንበር ሲገፋ ተሰማ። «ምነው ዝም አሉ?» የባሏ ድምፅ ነው። «ደርሰን እንያቸው እንዴ?» አለ ምክትሉ።

እማማ አፋቸውን ከፈት አድርገው ተኝተዋል። ፊታቸው ላይ የነበረው ጭምድድ ያለ መስመር ሁሉ ተፈትቷል። ባለመስኮቷ ሰው ያን ያህል ሲያርፍ አይታ አታውቅም። ጫማውን መንጭቃ አወጣች፣ ተንበረከከች፣ ማሽኑን በጫማው ትወቅጠው ጀመር። ደቅ! ደቅ! ደቅ! በሌላ እጇ ክዳኑን አንኳኳች። የባሏ እርምጃ ቆመ።

«አሁንማ ለሁለት ነው የሚለፉት» አለ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

ሦስት ሰዓት ወቀጠች። ክንዷ ዛለ፣ ላቧ ጠብ ጠብ አለ፣ ወገቧ ተቀነጠሰ። አራት ዓመት ሙሉ ለፋች የተባለላትን ልፋት በአንድ ቀን ለፋችው። እማማ የነቁት ዶሮው ሊወጣ ሲል ነው። ዓይናቸውን እያሹ አዩዋት፤ ተንበርክካ፣ ጫማ ጨብጣ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ። ማሽኑንም አዩ። ብድግ ብለው ክንዷን ይዘው አስነሷት።

ሁለቱ ተደጋግፈው ሲወጡ ባሏ ብድግ አለ። የእናቱ ግንባር ዱቄት ነው፣ ጉንጫቸው ላይ የከረጢቱ ስፌት ታትሟል፤ ሚስቱ ደግሞ እግሯ አይሸከማትም።

«እማዬ፣ አንቺም ተገደልሽ!» ሜትሩን ከኪሱ ሳበ። «በቃ፤ በሚቀጥለው እሁድ እኔም እገባለሁ።»

«አርፈህ ተቀመጥ!» አሉ እማማ። «ለሁለት ሰው የከበደውን አንተ ልትችለው ነው? ጻፍ፣ አንተ ምክትል፤ ወንድ እንዳይገባ ብለህ ጻፍ።» ምክትሉ ጻፈ። ድምፅ ሳይሰጥበት የጸደቀ ብቸኛው ውሳኔ ይኸው ነው።

ሲባጎው ተቆረጠ፣ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች አፋቸውን ከፈቱ። ቅመም መቁጠር ሲጀምሩ እማማ ወደ ባለመስኮቷ ጠጋ አሉ።

«የሚቀጥለው እሁድ የምትተኚው አንቺ ነሽ» አሏት በጆሮዋ። «ጫማውን ለኔ ስጪኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የእውነቱን ወቅጫለሁ፤ ማንም አይለየውም።»

«እሺ እማማ» ልትል ፈለገች። በቀን መቶ ጊዜ የምትለው ቃል ነው፤ ለእማማ ግን አነሰባትና ትልቁን ድንች ለእሳቸው አነሳችላቸው።