ሁልጊዜ መጨረሻ የምትገባው አርሜል

በፖርስ-ግዌን መንደር በብስክሌት ጉዞው ቀን አንደኛ የገባው ማን እንደነበር ብትጠይቁ ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። መጨረሻ የምትገባዋን ግን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃታል። አርሜል ናት። ነጭ የፀጉር ጉንጉኗን ብርቱካንማ ሰደርያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ የብስክሌቷ ካቴና ጭጭ ብሎ፣ ከሁሉም ኋላ ብቅ ትላለች። እሷ ከመጣች ከኋላዋ ሰው የለም ማለት ነው።

ጉዞው በየዓመቱ የሣር አጨዳ ሲያልቅ በሚውለው እሑድ ነው። መንገዱ ከወደቡ ይነሣና በገደሉ አፋፍ ባሕሩን እያየ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ምኔዝ-ሉዝ የሚባለውን ራሰ በራ ኮረብታ ይወጣል፤ በትንሿ ቤተ ጸሎት በኩል ቁልቁል ወርዶ የወንዙ አፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወደ መንደሩ መሻገሪያው ዝቅ ያለ የድንጋይ መንገድ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሸሽቶ ይመለሳል፤ ሲሸሽ መኪና ያልፍበታል፤ ባሕሩ ሲመለስ ዓሣ ይዋኝበታል። ስለዚህ በጉዞው ቀን ሬኔ የሚባል ሰው ገመድ ይዞ ይቆማል። ብርቱካንማው ሰደርያ ሲሻገር ገመዱን ዘርግቶ መሻገሪያውን ይዘጋል፣ የመንገድ ምልክቶቹን ይነቅላል፣ ክሬፕ ወደሚሉት ስስ ቂጣና ወደ ፖም ጠጁ ያዘግማል። ሰው አይቆጥርም፣ ስም አይጠይቅም። ሰደርያው አለፈ፣ አለቀ።

የብስክሌት ማኅበሩ ሰዎች «መጥረጊያችን» ይሏታል። እሷም አትቀየምም። «ቤት ያለ መጥረጊያ ምን ይሆናል?» ትላለች።

አርሜል ብስክሌት የለመደችው ለመዝናናት አልነበረም። የሰርዲን ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ንጋት ላይ በባሕሩ ዳር ነድታ ትሄዳለች፣ ማታ እጇ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ትመለሳለች። ነፋሱ ጧትም ማታም ፊት ለፊት ይመታታል። «የዚህ አገር ነፋስ ዞሮ ነው የሚጠብቅሽ» እያለች ትስቃለች። ጎልማሳ ሆና ከማኅበሩ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ጎበዞቹ ኮረብታው ላይ ጥለዋት ሄዱ። ክፋት አልነበረም፤ ዞር ብሎ ያየ ሰው ስላልነበረ ነው። መንደር ስትደርስ ጠረጴዛው ታጥፏል፣ ወንበሩ ተደራርቧል፣ አንድ ውሻ የወደቀ ቋሊማ ይበላል። «አንተ እንኳ ቆየኸኝ» አለችውና ወደ ቤቷ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባቸው ላይ ተነሥታ «ከኋላ እኔ እሆናለሁ» አለች። «እስከ መቼ?» ቢሏት «ኋላ የሚቀር ሰው እስካለ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን አምጥታ አስገብታለች! የሰው ጎማ አታይም፣ ትከሻውን ነው የምታየው። ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚናገረው ትከሻው ነው። ትከሻው ወደ ጆሮው ሲወጣ አጠገቡ ትደርሳለች፤ ከኋላ ኪሷ ጨው ያለው ቅቤ የተቀባ ዳቦ ታወጣለች። ለራሷ አትበላውም። «አይዞህ» አትልም፤ ስለ ዶሮዎቿ ታወራለች። ሰውየው የዶሮዎቹን ነገር ሲሰማ ዳገቱ ያልቃል።

ዘንድሮ ግን ገና ከወደቡ ሳይነሡ ታንጊ ወደ እሷ መጣ። ታንጊ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ በልጅነቱ እግሩን ቁርጠት ይዞት ሲያለቅስ፣ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ እየገፋች ያስገባችው እሷ ናት።

«እትዬ አርሜል፣ አንድ ነገር ልልሽ ነበር።»

«ስለ ጎማዬ ከሆነ ነፍቼዋለሁ።»

«አምና የተሻገርሽው ውሃው ማርሽሽ ድረስ መጥቶ ነው።»

«ጥሩ አድርጎ አጠበልኝ።»

«አትቀልጂ። ሁለት ሰዎች አብረውሽ ነበሩ። ዘንድሮ ባሕሩ ከቀደመሽ ሰደርያውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን። ኮሚቴው ነው የወሰነው።»

«ኮሚቴው ማን ነው?»

ታንጊ የገዛ ጫማውን አየ። «እኔ ነኝ» አለ።

አርሜል ሳቀች፤ ሰደርያዋን ስትቆልፍ ግን ጣቶቿ ዘገዩባት። ታንጊ ክፉ ሰው አይደለም። አጎቱን ባሕር ወስዶበታል፤ ውሃን የሚፈራው በምክንያት ነው። ጉልበቷ እንደ ዱሮ እንዳልሆነም እሷ ራሷ ታውቃለች። ቢሆንም በዚያች እሑድ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ብስክሌቶቹ ሲያልፉ እጇን እያውለበለበች ልታያቸው? እሱን ስታስበው ከነፋሱ ይልቅ በረዳት።

አፋፉን በደህና አለፉት። ኮረብታው ላይ ግን ዝናብ ያዛቸው፤ ከባሕሩ በአግድም የሚመጣ፣ በአንገት የሚገባ ዝናብ ነው። አርሜል ቤተ ጸሎቷ ጋ ስትደርስ አንዲት ልጅ ግድግዳው ሥር ተጠግታ ቆማለች። ኤኖራ ትባላለች፤ ከከተማ የመጣች ተማሪ ናት። የለበሰችው ስስ ሸሚዝ ነው፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እጇ ፍሬን መጨበጥ አቅቶታል።

አርሜል ሰደርያዋን አወለቀች።

«እርስዎስ?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ሥብ አለኝ። ልበሺው። ኋለኛውን ፍሬን አስቀድመሽ ያዢ፤ ታች ድንጋዩ መንገድ ላይ እንዳትቆሚ፣ ቀጥ ብለሽ ተሻገሪ።»

«አብረን አንሄድም?»

«አንድ ሰው ይቀረኛል።»

ለሌላው ዓለም ሰደርያ ሰደርያ ነው። በፖርስ-ግዌን ግን ያ ልብስ ከተሻገረ ባሕሩ ሳይቀር በሩን ይዘጋል። አርሜል ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በዚያች ሰዓት ያየችው ግን የልጅቷን ከንፈር ብቻ ነው።

የሚቀራት ሰው ብሌዝ ነበር፤ ሥራውን የተወ ሥጋ ሻጭ፣ ሐኪም «ወይ ውፍረት ቀንስ ወይ ተናዘዝ» ብሎት ብስክሌት የገዛ። ዝናቡን ከተጠለለበት ከቤተ ጸሎቷ ጓሮ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያለ ብቅ አለ።

«ተይኝ፣ እዚሁ ልሙት።»

«ከሞትክ ታች ሙት። እዚህ አምቡላንስ አይወጣም።»

«አንቺ ሴት፣ ልብ የለሽም?»

«አለኝ። ዳቦም አለኝ። የቱን ልስጥህ?»

ዳቦውን ወሰደ። አርሜል ቀይዋ ዶሮዋ የጎረቤትን አውራ ዶሮ እንዴት እንዳባረረች እያወራችለት ቁልቁለቱን ወረዱ። የወንዙ አፍ ላይ ሲደርሱ ሬኔ የለም። ገመዱ ተዘርግቷል። ምልክቶቹ ተነቅለዋል። ድንጋዩ መንገድ መሀሉ ላይ ጠፍቷል፤ ግራጫ ውሃ ዝም ብሎ በላዩ ይሄዳል።

አርሜል እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሰደርያው የለም። ያን ጊዜ ገባት።

«ገመዱ ምን ማለት ነው?» አለ ብሌዝ።

«ተሻግረናል ማለት ነው።»

«ማን?»

«እኔና አንተ።»

ብሌዝ ውሃውን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ውሃውን አየ። የእሱ ስልክ ዝናብ ጠጥቶ ተኝቷል፤ የአርሜል ስልክ እንደ ወትሮው የኩሽናዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያለው መንገድ አንድ ነው፦ በኮረብታው ትከሻ ተመልሶ ወጥቶ፣ በላይኛው ድልድይ ዞሮ መግባት። አርሜል ብስክሌቷን ወደ ዳገቱ አዞረች። ባሕሩ ቀድሟታል። ታንጊ ያለው ደርሷል።

«በል» አለች።

«ደግሞ ዳገት?»

«ያ አውራ ዶሮ መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ አትፈልግም?»

መንደር ውስጥ የሆነውን በኋላ ማዶ የምትባል ሴት ለአርሜል ደጋግማ ነግራታለች። ማዶ ክሬፑን የምትጋግረው ሴት ናት። ብርቱካንማው ሰደርያ በመንደሩ መግቢያ ሲታይ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። «መጥረጊያችን ገባች! ታንጊ፣ አፈርክ!» እያሉ ጮሁ። ታንጊም ደስ ብሎት ጽዋውን አነሣ። ማዶ ቅቤ የሚንጠባጠብ ክሬፕ ይዛ ሮጠች፤ ስትደርስ ከሰደርያው በላይ ያለው ፊት የማታውቀው ፊት ነው።

«ይኼን ማን ሰጠሽ?»

«ነጭ ጉንጉን ያላቸው እናት።»

«የት ናቸው?»

«ከኋላዬ። ሌላ ሰው ሲጠብቁ ነው የተውኳቸው።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ ሬኔ ዞሩ፤ ሬኔ ደግሞ ክሬፑን አስቀመጠ። «ሰደርያው አልፎ ነበር እኮ!» አለ። ታንጊ ወደ ወንዙ አፍ አየ። ባሕሩ ሞልቷል። ሰደርያውን ከልጅቷ ተቀብሎ ሸሚዙ ሥር ወተፈና ብስክሌቱን አነሣ፤ የቀሩትም ተከተሉት። አንዱ ከልማዱ ጠረጴዛ ማጠፍ ጀምሮ ነበር፤ ማዶ በጭልፋ እጁን መታችው። «ዛሬ የሚታጠፍ ነገር የለም!»

አርሜልና ብሌዝ ወደ ላይኛው ድልድይ በሚወስደው መንገድ ብስክሌታቸውን እየገፉ ነበር። ጉልበቷ እንደ ደረቅ እንጨት ይጮሃል። መጀመሪያ ድምፁን ሰማች፤ እንደ አንበጣ መንጋ ትር ትር የሚል የብዙ ጎማ ድምፅ። ከዚያ ጠመዝማዛውን ዞረው መጡ። ታንጊ ከፊት፣ ከኋላው ማኅበሩ በሙሉ፣ አንደኛ የገባው ጎረምሳ ሳይቀር፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው።

ብስክሌታቸውን አዞሩና ከኋላዋ ተሰለፉ።

«ዛሬ አንቺ ቅደሚ፣ እትዬ» አለ ታንጊ። «እኛ እንከተልሻለን።»

አርሜል ኮርቻዋ ላይ ወጣችና ጥቂት ነዳች። ከዚያ ፍሬን ይዛ አንድ እግሯን መሬት ላይ አደረገች።

«ምን ሆንሽ? ጉልበትሽ ነው?»

«ከኋላዬ ሰው አለ።»

«እኛ እኮ ነን!»

«ማንም ሁኑ። ከኋላዬ ሰው እያለ ቤቴ አልገባም።»

እጇን ዘረጋች። ታንጊ ገባው። ሰደርያውን ከሸሚዙ ሥር አወጣ፤ አልሰጣትም ግን።

«ባሕሩ ቀድሞሻል» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ያን ጊዜ ብሌዝ ከመንገዱ ዳር፣ መሪው ላይ ተደፍቶ እንዳለ ተናገረ።

«እኔን ባሕሩ ብቻ የቀደመኝ መሰላችሁ? ዛሬ ላሞች ቀድመውኛል። አንዲት አሮጊት ከነከዘራዋ ቀድማኛለች። ይህች ሴት ግን አልቀደመችኝም።»

አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። ታንጊ አልሳቀም። ሰደርያውን ሁለት እጁ ላይ ይዞ ቆየ፤ ምናልባት ድሮ ጀርባው ላይ ያረፈችውን እጅ አስታውሶ ይሆናል።

«ባሕሩን ማዘግየት አንችልም» አለ በመጨረሻ። «እኛ ግን ቀደም ብለን መነሣት እንችላለን። ከርሞ ጎሕ ሲቀድ እንነሣለን።»

«ኮሚቴው ምን ይላል?»

«ኮሚቴው እንቅልፍ ይወዳል። ይለምደዋል።» ሰደርያውን አለበሳት። «እርጥብ ነው።»

«እኔስ?»

ቆልፋ ጉንጉኗን ወደ ውስጥ ሸጎጠችና ወደ መንገዱ ዳር ፈቀቅ አለች። አንድ በአንድ አለፏት። ጎረምሳው ኮፍያውን አነሣላት። ታንጊ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ አለፈ፤ ትከሻውን ግን አየችው፣ ወርዶ ነበር። ከሁሉም መጨረሻ ብሌዝ ሲጢጥ እያለ ሲያልፍ «እሺ፣ አውራ ዶሮው ምን ሆነ?» አለ። አርሜል ፔዳሏን ረገጠችና ከኋላው ሆና ነገረችው።

መንደር ሲገቡ ጠረጴዛው ቆሟል፣ ክሬፑ ይጨሳል፣ ኤኖራ የማዶን ካፖርት ለብሳ ታጨበጭባለች። ሬኔ መንደሩ መግቢያ ላይ የቀረው የመጨረሻው ምልክት አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰደርያውን ሲያይ እጁን ወደ ምልክቱ ሰደደ፤ ከዚያ እጁን ሰብስቦ ጠበቀ። አርሜል ቀርባ ፊቷን አጥርቶ ካየ በኋላ ነው የነቀለው።