አለሁ ባይ

ኦቻንግ ደክሞታል። ከጋምቤላ እስከ ጎግ የጤና ጣቢያዎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገናኙት ሬዲዮዎች በየማማው ላይ ተሰቅለዋል፤ ማማው ላይ የሚወጣው ደግሞ እሱ ነው። ጉልበቱ ቢደክምም ማማው አላጠረለትም።

ሬዲዮዎቹን የሚያዝ አለቃ የለም። እያንዳንዱ ለጎረቤቱ «አለሁ» ይላል፤ አንዱ ዝም ካለ ሌሎቹ መልእክቱን በሌላ መንገድ አዙረው ያደርሳሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእነሱ የተተረተ ይመስላል። ሰው ግን እንደነሱ አይደለም፤ የጀዊውም የአቦቦውም ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ትንሽ ነገር በተበላሸ ቁጥር የሚደውለው ለኦቻንግ ብቻ ነው። እሱም ያነሳል።

ያን ቀን ጎግ የሄደው ለአንድ ክፉ ሬዲዮ ብሎ ነበር። ሳያቋርጥ «አለሁ» ይላል፤ የተሰጠውን መልእክት ግን ውጦ ያስቀራል።

«ሞቶ ነው?» አለው የማማው ጥበቃ ወንዶሰን።

«ቢሞትማ ይሻል ነበር! የሞተውን ዞረውት ያልፋሉ። ይሄ አለሁ እያለ ነው የሚያታልላቸው። አሁን ሌሎቹን አስተካክላቸዋለሁ፤ ካሁን በኋላ አፉን አይሰሙትም፤ ስንቱን እንዳደረሰ አይተው ነው የሚያምኑት።»

ማማው ላይ ሳለ ሚስቱ አባይነሽ ደወለች።

«አለህ?»

«አለሁ፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ብሎ ሌላ ቃል ሳትናገር ዘጋው። ከዚያ ጀዊዎች ደወሉ፤ ከዚያ አቦቦዎች። ለእሷ ሳይደውል ቤቱ ደረሰ።

ልጁ ምሕረት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ እጇ ላይ የግሉኮስ መርፌው ከነፕላስተሩ አለ። ወባ ነው። ትኩሳቱ አንቀጥቅጦ ሲጥላት ጎረቤታቸው ጋች በባጃጁ ሐኪም ቤት አድርሶ መልሷታል።

«ለምን ደግመሽ አልደወልሽልኝም?» አላት።

«ለጋች ደወልኩ» አለች አባይነሽ። «ድሮም ለእሱ ነው የምንደውለው። ዛሬ ደንግጬ ነው አንተን ያስቀደምኩት።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ የሚቆጡት እኮ አሁንም የሚጠብቁትን ሰው ነው።

ምሕረት ዓይኗን ሳትገልጥ «አጎቴ ጋች ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ ነኝ። አለሁ።»

አባይነሽ የልጇ ግንባር ላይ የነበረውን ጨርቅ አንስታ ውሃ ውስጥ ነከረችው።

«አለሁ ማለትህንማ መቼ አጣነው» አለች።

ኦቻንግ እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ተቀበላት።