ሹክታን የከለከለው አዘጋጅ

ሰው ሁሉ «እብዱ» የሚለው አዘጋጅ ቲያትር ቤቱን በተረከበ በሳምንቱ መጋረጃውን አስወለቀው። ከመጋረጃው ጀርባ ሃያ ዓመት ተቀምጣ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ሹክ ስትል የኖረችው ሴትዮ መግቢያ አጣች።

«መድረኩ መሀል ይቀመጡ፣ እትዬ» አላት። «ሲረሱ ጮክ ብለው ይንገሯቸው።»

«ሰው እያየኝ? ምን በወጣኝ!»

«መርሳትም እኮ የቲያትሩ አካል ነው።»

ተቀመጠች። አፏ ግን ከሹክታ ያልፋል? የለም እቴ! ደግነቱ ተዋንያኑ በሰው ፊት ላለመታረም ሲሉ ቃላቸውን እንደ ውሃ ጠጡት፤ የሚረሳ ጠፋ።

ዓመታት አለፉ። አዘጋጁ አርጅቶ፣ አንድ ቀን በአንድ ቲያትር ውስጥ ራሱ አባት ሆኖ ሲጫወት፣ ልጁን ይቅር የሚልበት ቦታ ላይ ቃሉ ጠፋበትና ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ሹክ አለችው፤ ጆሮውም ደክሟልና አልሰማም። በሰው ፊት ቆሞ መቅረቱን ስታይ አላስቻላትም፤ ብድግ ብላ «ልጄ፣ ና ግባ!» ስትል ጮኸች።

«ልጄ፣ ና ግባ» አለ እሱም።

ከዚያ ወዲያ እሷ እየቀደመች፣ እሱ እየተከተለ ጨረሱት። ተመልካቹ አዲስ ዘዴ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ።

አዘጋጁ እጇን ይዞ «ነገስ ይመጣሉ፣ እትዬ?» አላት።

«ብቀርማ ቃሉን ማን ያቀብልዎታል?» አለችው፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ።